ቴክሰን ፒኤል-330 ሬዲዮ ከባሕር ዳር እስከ ደቅ ደሴት

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የከተማዋን ኤፍ ኤም ጣቢያ 96.9ን ለመስማት ይህን ሬዲዮ መግዛት አያስፈልግም፤ የስልክ ሬዲዮ ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከዘጌ ወዲያ፣ ደቅ ደሴት ወይም ጎርጎራ ሲደረስ ነው። ለዚያ አካባቢ ሰው ፒኤል-330 ጥሩ ዕቃ ነው፤ የአንድ ሰዓት የአንቴና ሽቦ ሥራ ካልተጨመረበት ግን ከርካሹ ሬዲዮ ያለው ብልጫ ትንሽ ነው።

ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጥቅሙ ባትሪው ነው። የሚሠራው በቢኤል-5ሲ፣ በድሮዎቹ የኖኪያ ስልኮች ባትሪ ነው። የስልክ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ሁለት ትርፍ ይዞ ጀልባ መሳፈር ይቻላል። ቻርጅ የሚደረገው በማይክሮ ዩኤስቢ ስለሆነ የአሮጌ ስልክ ገመድ አይጣል። ሁለተኛው ጥቅም ስክሪኑ የሲግናሉን ጥንካሬ በቁጥር ማሳየቱ ነው። አንቴና ሲተከል «አሁን ተሻለ መሰለኝ» እያሉ በጆሮ ከመገመት ያድናል። ጎኑ ላይ ደግሞ የውጭ አንቴና መሰኪያ አለ፤ ሬዲዮውን ለጣና የሚያስመርጠው እሱ ነው።

የኤፍ ኤም ሞገድ ከሞላ ጎደል እንደ ዓይን እይታ ነው፤ የምድር ጥምዝነት ይጋርደዋል። ርቀቱን ለመገመት የማሰራጫውን አንቴና ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ማባዛት ነው፤ መልሱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። የተቀባዩም እንዲሁ ተሰልቶ ይደመርበታል። ሬዲዮው ከውኃው 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ፣ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ የደቅ አድማጭ የማሰራጫው አንቴና ከሐይቁ 50 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቀው ጎርጎራ ግን 240 ሜትር ይፈለጋል። ማሰራጫ ተራራ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። በሃዋይ ደሴቶች ያለው ሃሌአካላ ተራራ 3,055 ሜትር ስለሆነ በዚሁ ስሌት አድማሱ 228 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይሁን እንጂ ተራራ ራሱ ከኋላው ያለውን ይጋርዳል፤ የሃዋይ የሕዝብ ሬዲዮም በየቦታው ሌላ ማሰራጫ ለማቆም ተገዷል።

ጣና ላይ ሌላም ነገር አለ። በቀጥታ የሚመጣው ሞገድና ከውኃው ገጽ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ አንቴናው ወደ ውኃው በተጠጋ ቁጥር እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ታንኳ ላይ ጭን ላይ የያዙት ሬዲዮ የሚንሿሿው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሬዲዮው አልተበላሸም። አንቴናውን ከ1.5 ሜትር ወደ 6 ሜትር ማውጣት በስሌት ሲግናሉን 12 ዲሲብል (የሲግናል ጥንካሬ ለውጥ መለኪያ) ያህል ይጨምራል። የሚመዘዘውን አንቴና የቱንም ያህል ቢያዞሩት ይህን አያስገኝም።

ሽቦው እንዲህ ይሠራል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ሁለት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 74 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ መስመር ጫፍ ለጫፍ ይዘረጋል፤ መሃል ላይ የጣት ስፋት ክፍተት ይተዋል። ከዚህ አንቴና እስከ ሬዲዮው የሚወርደው የዲሽ ገመድ ነው፤ 75 ኦም ስለሆነ በደንብ ይስማማዋል፤ 10 ሜትር ቢረዝም የሚያባክነው አንድ ዲሲብል አይሞላም። የገመዱ የመሃል ሽቦ ከአንዱ ቁራጭ፣ በዙሪያው ያለው የሽቦ መረብ ከሌላው ይያያዛል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ የርካሽ ገመድ መረብ አሉሚኒየም ስለሆነ በቆርቆሮ አይበየድም፤ የተያዘ ይመስልና በሳምንቱ ይላቀቃል። በብሎን በሚጠብቅ የኤሌክትሪክ ማያያዣ መታሰር አለበት። በሬዲዮው በኩል የ3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ይገጠማል፤ የመሃል ሽቦው ጫፉ ላይ፣ መረቡ አካሉ ላይ።

ከዚያ በቀርከሃ ወይም በባሕር ዛፍ እንጨት ከፍ ይደረጋል። የሽቦው ጎን እንጂ ጫፉ ወደ ባሕር ዳር ማየት የለበትም፤ በጫፉ አቅጣጫ አይቀበልም ማለት ይቻላል። አግድምም ቁልቁልም ተሞክሮ ቁጥሩ ከፍ ባለበት ይታሰር። ቦታ ሲመረጥም የኮረብታውን ደቡባዊ ፊት መያዝ ይሻላል፤ ከጀርባው ከሆነ ረጅም እንጨትም ብዙ አይረዳም። ዘጌ ላይ ደግሞ አንቴናው ከቡና ጥላ ዛፎቹ መሃል ወጥቶ የሐይቁን ዳር ይያዝ፤ በተለይ ክረምት ላይ እርጥብ ቅጠል ሲግናል ይበላል።

ይኸው አንቴና ከተማ ውስጥ ሲሰካ ግን ሬዲዮው ከአቅሙ በላይ ይቀበልና አንዱ ጣቢያ በሦስት በአራት ቦታ ይሰማል። ባሕር ዳር ሲደርሱ መንቀል ነው። በአጭር ሞገድ 6090 ኪሎ ኸርዝ የአማራ ሬዲዮን ለሚሞክር የሚያስቸግረው ሶላር ነው፤ የቻርጅ መቆጣጠሪያውና ኢንቨርተሩ ጩኸት ይለቃሉ። እነሱን ማጥፋት፣ ካልሆነም ሬዲዮውን በባትሪ ብቻ ከ5 ሜትር በላይ ማራቅ።

ገመዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንደ ዩ ይታጠፍ፤ ዝናቡ ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል። የላይኛው መጋጠሚያ ካልተሸፈነ ውኃ በመረቡ ውስጥ እየሰረገ እስከ ሬዲዮው ይወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ነጎድጓድ ከመቃረቡ በፊት ገመዱ ተነቅሎ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ነጎድጓዱ እየተሰማ ግን አይነካ።