ኤበርት ወይስ ኬል? ስለ «ሶፊስ ቾይስ» ማንን እንመን
ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ይህን ፊልም ስናነሳ የጎንደር ልጆች ለሁለት እንከፈላለን። በዊሊያም ስታይረን ልቦለድ ላይ ተመስርቶ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከናዚዎቹ የአውሽዊትዝ ማጎሪያ ካምፕ የተረፈች ሶፊ የምትባል ፖላንዳዊት ታሪክ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኤበርት የዓመቱ ምርጥ ፊልም ብሎታል። ለሌላዋ አሜሪካዊት ሐያሲ ለፖሊን ኬል ግን አልተዋጠላትም፤ ሶፊን የተጫወተችውን ሜሪል ስትሪፕን ከአንገቷ በታች ላስታውሳት አልችልም እስከማለት ደርሳለች። (ስትሪፕ ኦስካሩን ወስዳለች፣ ለነገሩ።)

እኔ ኤበርት ጋ ነኝ። ሶፊ ትስቃለች፣ ትጠጣለች፣ ስለ አባቷ ትዋሻለች፣ ያ ሁሉ መሸሸጊያ መሆኑ የሚገባን ደግሞ ቆይቶ ነው፤ እኛም ሰፈር ጦርነት ያየ ሰው አንዴ ቁጭ ብሎ ሁሉንም አይዘረግፍልህም። የኬል ደጋፊ ጓደኞቼ ግን ለፊልሙ ርዕስ የሆነውን የሶፊን አሰቃቂ ምርጫ እስከ መጨረሻው ደብቆ ተመልካችን ማጓጓት ነውር ነው ይላሉ። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።