ለስታግ ብዬ ስፕሪንግፊልድ ድረስ

ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የኔይስሚዝ የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ የሄድኩት ለአንድ ሰው ብዬ ነው፤ ለአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኙ ለአሞስ አሎንዞ ስታግ። ብዙው ሰው የሚሄደው ለማይክል ጆርዳን ነው፣ እሱም አለ።

ሕንፃው ራሱ ትልቅ ኳስ ይመስላል። ውስጥ የተመራጮቹ ፎቶ ጉልላቱን ዙሪያውን ሞልቶታል፣ አንገቴን እስኪያመኝ ቀና ብዬ ነው ያየሁት። ደስ ይላል በጣም።

ስታግ እዚህ የገባው በ1959 ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲን ከ1892 እስከ 1932 የአሜሪካ ፉትቦል ያሰለጠነ ሰው ቅርጫት ኳስ ቤት ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ መልሱ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው እዚህ በነበረ የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር (YMCA) ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት ነው፣ ስታግም እዚያ ያስተምር ነበር። ማርች 1892 ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሲደረግ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች መምህራኑን 5 ለ 1 አሸነፉ፣ ያቺን የመምህራን አንዲት ጎል ያገባው ስታግ ነበር! በኋላም በ1917 ቺካጎ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ውድድር አስጀመረ። 70 ሞላህ ተብሎ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ቤቱ አልተቀመጠም፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክን እስከ 1946 አሰለጠነ። የኖረው 102 ዓመት ነው። በኮሌጅ ፉትቦሉ የዝና አዳራሽም ከ1951 ጀምሮ ስሙ አለ።

መሃል ያለው ሜዳ ላይ ኳስ መወርወር ይቻላል፣ ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ። ጉብኝቱን ከላይኛው ፎቅ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ግማሽ ቀን ያዙለት፣ እኔ ሁለት ሰዓት ብዬ ገብቼ አልበቃኝም።