ስልክ ላይ የሚሰካው ማክሮ ሌንስ ለችግኝ ትንኝ እንዴት ነው?

ደሴ ፒያሳ ካለ የሞባይል ዕቃ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ ከ1000 ብር በታች፣ ካርቶኑ ላይ 15 ኤክስ ይላል፣ 15 እጥፍ ያጎላል ለማለት ነው። ችግኝ ለምታፈሉ ሰዎች ብዬ ነው የምፅፈው ምክንያቱም ክረምት ላይ እዚህ ጭጋጉ ሲሰነብት አፈሩ አይደርቅም፣ ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ ነካ ስታረጉት ያቺ ጥቁር ትንኝ ቡን ትላለች፣ ሰው ሁሉ የፍራፍሬ ዝንብ ናት እያለ ሮጦ መድሃኒት ይገዛል። ኧረ አይደለችም!

ትንኟ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ብትሆን ነው፣ በዓይን ነጥብ ናት፣ በሌንሱ ግን አንቴናዋ ረጅም ሆኖ ይታያል፣ ክንፏ መሀል ላይ ደግሞ አንዱ ጅማት ልክ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል። ይሄን ካያችሁ ሲያሪዴ ከሚባለው የትንኝ ቤተሰብ (ብዙ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የያዘ ምድብ ነው) የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። አንቴናው አጭር፣ ክንፉ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ያሉት ግን ሌላ ዝንብ ነው፣ እርጥብ አፈር ላይ ያለውን አረንጓዴ አልጌ ነው ሚበላው። እጯን ለማየት ድንች ቆርጣችሁ አፈሩ ላይ ድፉትና ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ ገልብጡት፣ ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የበላችው ሆዷ ውስጥ ይታያል፣ ጭንቅላቷ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ወላሂ ማሻ አላህ ያስብላል። እጯ ፈንገስና ብስባሽ ነው የምትበላው፣ ስትበዛ ነው ለጋ ስር የምትነካው፣ ስለዚህ አብሽሩ፣ ውሃ ቀንሱና የአፈሩ ላይኛው ክፍል ይድረቅ።

ሌንሱን ስልኩ ላይ የሚይዘው ክሊፕ ላላ ይላል፣ የፎቶው ጠርዝም ይደበዝዛል። ትንኝ ለመያዝ በሚሰቀለው ቢጫ ሙጫ ካርድ ላይ የተለጠፈችውን ፎቶ አታንሱ፣ ሙጫው ክንፏን ያጣጥፈዋል፣ 70 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ የገባችውን ነጭ ሰሃን ላይ አርጋችሁ ብታነሱ ይሻላል።

ዝርያውን ይለይልኛል ብላችሁ ግን አትግዙት። የሲያሪዴ ዝርያ በዓለም ላይ ከ2500 በላይ ነው፣ ብዙዎቹ የሚለዩት በወንዱ ብልት ቅርፅ ነው፣ እሱም በማይክሮስኮፕ። ሜዲትራኒያን ባህር ውስጥ ያሉት ማልታም ሆነ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ዝርያ የሚመዘግብ ባለሙያ እንኳን ትንኙን አልኮል ውስጥ አስቀምጦ በማይክሮስኮፕ ነው ሚያየው፣ በፎቶ ብቻ አይወስንም። እኛም ፎቶውን አይናቹራሊስት (ሰው ያየውን እንስሳና ተክል የሚመዘግብበት ድረ ገፅ) ላይ ስንጭን ቤተሰቡ ላይ ብናቆም ነው ትክክሉ፣ ቦታና ቀን አስገብተን፣ ትንኟን ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ አልኮል ውስጥ እናስቀምጣት፣ ወረቀቱን በእርሳስ ፅፋችሁ አብራችሁ ክተቱ፣ እስኪሪብቶ አልኮሉ ውስጥ ይለቃል። ከሐይቅም ከኮምቦልቻም ከደሴም እንዲህ የተቀመጠ ናሙና ካለ ነገ ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ስሙን ሊያወጣለት ይችላል፣ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን እዛው ነው ሚቀረው፣ እኔን ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

በዋጋው አሪፍ ዕቃ ነው፣ ግዙት። ሁለት ሶስት ካሜራ ያለው ስልክ ከሆነ ግን ዋናው ካሜራ ላይ እዛው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ አንዳንዱ ስልክ ስታስጠጉት ካሜራውን ራሱ ይቀይርና ሌንሱ ከንቱ ይሆናል።