ከኦንላይን ጨረታ የገዛሁት አሮጌ የጃፓን ማንዶሊን፣ ከወራት በኋላ

12 ፎቶ ለጥፏል ማንዶሊኑን የሸጠልኝ ሰውዬ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ጭንቅላቱ፣ የመቃኛ ቁልፎቹ፣ በድምፅ ጉድጓዱ የሚታየው የፋብሪካ ወረቀት፣ የቦርሳው ዚፕ ሳይቀር ለብቻው ተነስቷል። ከጎን የተነሳ ግን አንድም የለም። አሮጌ ማንዶሊን ደግሞ ከጎን ካላያችሁት አላያችሁትም፣ ምክንያቱም እድሜ የሚያጠቃው አንገቱን ነው፣ አንገት መነሳቱ ከፊት ለፊት በምንም ተአምር አይታይም፣ ከፊትማ ሙሽራ ነው።

ይሄን ሁሉ ወር ተጫውቼበት ስለ ድምፁም ስለ መልኩም ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፣ ግን ባነሳሁት ቁጥር የማስበው አንገቱን ስለሆነ ስለ አንገቱ ነው የምጽፈው፣ ሌላውን ሌላ ሰው ይጻፈው።

እቃው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሰራ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ሆዱ ክብ የሆነው የጣሊያኑ የናፖሊ አይነት ነው፣ ቦውልባክ የሚሉት። ለምን ከጃፓን ብትሉኝ እዛ አገር ማንዶሊን ቀልድ አይደለም። ብዙ ዩኒቨርሲቲ የማንዶሊን ኦርኬስትራ ክለብ አለው፣ ተማሪው ይገዛል፣ ይመረቃል፣ ስራ ይይዛል፣ መሳሪያው ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ከስንት ዘመን በኋላ ቤተሰቡ አውጥቶ ጨረታ ላይ ይለጥፈዋል። ሰሪዎቹም ዛሬ የበቀሉ አይደሉም፣ ናጎያ ውስጥ የተመሰረተው የሱዙኪ ቫዮሊን ፋብሪካ እንኳን ከ1887 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከቫዮሊኑ ጎን ማንዶሊንም ሲሰራ ኖሯል። የኔን ሰሪ ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የሱ አይደለምና። እንጨቱን አይቼዋለሁ፣ ፊቱ ጥርት ያለ የስፕሩስ እንጨት ነው፣ የጀርባው ስንጥር ስንጥሮች አንዱ ከሌላው የተገጠመበት ቦታ ጥፍር አያስገባም። ማታ መብራት አጥፍቼ ትንሽ ባትሪ በድምፅ ጉድጓዱ ከትቼ ዙሪያውን አየሁት፣ ስንጥቅ ካለ ብርሃን ያፈሳል፣ አንድም ቦታ አላፈሰሰም። ይሄን ሁሉ የምለው እቃው ጥሩ እንደሆነ እንድታውቁ ነው፣ ንዴቴም ለዚህ ነው፣ መጥፎ እቃ ቢሆን ኖሮ ወርውሬው አርፍ ነበር።

እንደደረሰ እንደ ቫዮሊን ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ጂ ዲ ኤ ኢ ብዬ ጥንድ ጥንዱን ቃኘሁትና ገና የመጀመሪያውን ኮርድ ስይዝ ጣቴ ነገረኝ። ማስመሪያ አምጥቼ 12ኛው ፍሬት ላይ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው ፍሬት የሚባሉት) ለካሁ፣ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ 4 ሚሊ! ጤነኛ ማንዶሊን አንድ ተኩል፣ ቢበዛ 2 ሚሊ ነው። 4 ሚሊ ማለት ጣት ማቃጠሉ ብቻ አይደለም፣ ክሩን ወደ ፍሬቱ እስክታወርዱት ድረስ ስለሚለጠጥ ኖታው ከሚገባው በላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ክፍት ክሩ የተቃኘ ሆኖ ወደ ላይ ስትሄዱ ሁሉም ነገር ይከረራል፣ ቱነሩ (ቅኝት መለኪያው) ላይ መርፌዋ ወደ ቀኝ ተለጥፋ ትቀራለች። ብሪጁ፣ ፊቱ ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት፣ በሙጫ ስላልተያዘ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ማካካስ ይቻላል፣ አድርጌዋለሁም፣ 12ኛውን ስታስተካክሉ ግን 2ኛውና 3ኛው ይበላሻሉ።

ከዛ ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ ፍሬቶቹ ላይ አጋድሜ ጫፉ ብሪጁን የት እንደሚነካ አየሁ። አንገቱ ደህና ቢሆን ወደ ብሪጁ አናት ተጠግቶ ነበር የሚያርፈው። የኔ ከመሃሉም በታች ነው የነካው። አንገቱ ራሱ አልተጣመመም፣ ቀጥ ብሏል፣ ግን ከገላው ጋር ከሚጋጠምበት ቦታ ጀምሮ ሙሉ ለሙሉ ወደ ፊት ተነስቷል። ይሄን ለማየት አንድ የጎን ፎቶ ይበቃ ነበር። አንድ!

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ ምን መሰላችሁ፣ «ለእድሜው በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ነው፣ እኔ ስለ ሙዚቃ መሳሪያ እውቀት የለኝም»። ወንድሜ፣ እውቀት ከሌለህ ጥሩ ይዞታ ላይ መሆኑን ማን ነገረህ? ደግሞ እውቀት የሌለው ሰው የቦርሳ ዚፕ በቅርበት ያነሳል፣ እሺ፣ ግን እቃውን እያዟዟረ 12 ጊዜ ሲያነሳ በአጋጣሚ እንኳን አንዴ በጎኑ ሳይዞር ይቀራል? በዛ አገር ጨረታ «ጃንክ» የሚባል ምድብ አለ፣ ሻጩ አልፈተሽኩትም፣ አልመልስም፣ በራስህ ሃላፊነት ግዛ የሚልበት፣ እዛ ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ዋጋውም በዛው ልክ ይሆን ነበር፣ ቂምም አይኖረኝም። ይሄ ግን «ወዲያው መጫወት ይቻላል» ተብሎ ነው የተሸጠው። በርግጥ ይቻላል፣ በብረት ጣት።

ይመለስ እንዳትሉኝ። የአገር ውስጡ ማጓጓዣ፣ የገዢ ወኪሉ ኮሚሽን፣ የአውሮፕላኑ፣ የጉምሩኩ ተደምሮ ከእቃው ዋጋ በላይ ወጥቷል፣ ለመመለስ ደግሞ ማጓጓዣውን እንደገና እኔው ነኝ የምከፍለው።

አሁን ወደ ጠቢባኑ ልምጣ፣ ይሄን ነገር ለሰው ባወራሁ ቁጥር መፍትሄ የማይሰጥ የለም። አንደኛው ወገን «ትረስ ሮዱን አጥብቀው» ይላል። የቱን ትረስ ሮድ? አንገት ውስጥ የሚስተካከል ብረት በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው መሳሪያ ሰሪ ጊብሰን ያመጣው ነገር ነው፣ የናፖሊ አይነት አሮጌ ማንዶሊኖች ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ብርቅ ነው፣ የኔም የለውም። ቢኖረውስ? እሱ ብረት የተጣመመ አንገት ነው የሚያቃና፣ ከመጋጠሚያው የተነሳውን አይመልስም። ሌላው ወገን «ብሪጁን ዝቅ አድርገው በቃ» ይላል፣ ቀላል አድርጎ። 12ኛው ፍሬት የክሩ ግማሽ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ እዛ ጋ 1 ሚሊ ለማውረድ ብሪጁ ላይ 2 ሚሊ መቁረጥ አለባችሁ፣ ከ4 ወደ 2 ለመምጣት 4 ሚሊ ማለት ነው። የዚህ አይነት ማንዶሊን ብሪጅ ደግሞ ሲጀመር አጭር ነው፣ ያን ያህል ከቆረጣችሁለት ክሮቹ ከላዩ አልፈው ወደ ታች የሚታጠፉበት አንግል ይጠፋል፣ ፊቱን የሚጫነው ጉልበት ይቀንሳል፣ ድምፁ ይሞታል።

ቢሆንም ግማሹን አድርጌዋለሁ። ብርጭቆ ወረቀቱን ሸካራውን ወደ ላይ አድርጌ ልክ ብሪጁ በሚቆምበት ቦታ ላይ ፊቱን እንዳይነካ አነጠፍኩና ብሪጁን እላዩ ላይ ወዲያና ወዲህ አሸሁት፣ እንደዛ ሲደረግ እግሩ የፊቱን ቅርፅ ይዞ ነው የሚሞረደው፣ ጠረጴዛ ላይ ብትሞርዱት ግን ስር ስሩ ክፍተት ይቀራል፣ ያ ክፍተት ድምፅ ይበላል። 2 ሚሊ ወሰድኩና ቆምኩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከክሩ ነው። ከጃፓን ሲመጣ የተወጠረበትን ክር በመለኪያ ሳየው ቀጭኑ 0.011 ኢንች፣ ወፍራሙ 0.040! ይሄ ጀርባቸው እንደ ቫዮሊን ትንሽ ብቻ ጎበጥ ያለና ጠንካራ ለሆኑት የአሜሪካ ማንዶሊኖች የሚሆን መካከለኛ የሚባለው ክር ነው፣ ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ የሚመታበት። ክብ ሆድ ላለው ስስ መሳሪያ ማን እንደገጠመው አላውቅም፣ ስምንቱ አንድ ላይ ሲወጠሩ 70 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶም። አንገቱ አይነሳ እንዴ! ለዚህ አይነት የሚሆነው ከ0.009 እስከ 0.032 የሆነው በጣም ቀጭን ፓኬት ነው፣ እሱን ገጠምኩ። ክሩ ብቻውን አንገቱን የመለሰው ትንሽ ነው፣ ከብሪጁ ጋር ተደምሮ ግን 12ኛው ላይ ከ3 ሚሊ በታች ወረደ፣ ቀጭን ክር ደግሞ ለጣት ስለሚለሰልስ ስሜቱ ከቁጥሩ የተሻለ ነው።

ድምፁስ? ይሄን አልጠበቅኩም። በወፍራሙ ክር ታፍኖ የነበረው ፊት ተነፈሰ። ኢ ክሮቹ ላይ ትሬሞሎ ስመታ (አንዱን ኖታ በፍጥነት እየደጋገሙ መምታት ነው) ከፍሬቱ ሳይሆን ከሆዱ የሚመጣ ነገር አለው፣ ፒኩን፣ መምቻዋን፣ ካነሳሁ በኋላ ትንሽ ይቆያል፣ ጂው ደግሞ ቀጭን ሆኖ ሳለ ደረቅ አይደለም። አዲስ ሱቅ ውስጥ ያለ ርካሽ ማንዶሊን ይሄን አይሰጣችሁም፣ ፊቱ ፕላይዉድ ነው፣ ቫርኒሹ ወፍራም ነው፣ ያንቋርራል እንጂ አይዘምርም። «አዲስ ብትገዛ ዋስትና ነበረህ» የሚለኝ ሻጭ አለ በሃሳቤ፣ ሁሌ የምከራከረው። ዋስትና ምን ያደርግልኛል ጌታዬ፣ ዋስትና ኖታ ይሰጣል? አዲሱ ከሳጥኑ ሲወጣ ፍሬቱ ጣት ይቧጭራል፣ እሱንም ሞርድ፣ እሱንም አስተካክል፣ መጨረሻ ላይ ግን በእጅህ የቀረው ያው ፕላይዉድ ነው።

በነገራችን ላይ ጨረታ የምትገቡ ከሆነ ስለ ሮዝዉድ የሚወራው ሁሉ አያስደንግጣችሁ። በ2017 መጀመሪያ የሮዝዉድ ዘር ሁሉ በአለም አቀፉ የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ሳይቲስ በሚሉት፣ ቁጥጥር ውስጥ ገብቶ መሳሪያ ገዢ ሁሉ ተጨንቆ ነበር፣ በ2019 መጨረሻ ግን ተሰርቶ ያለቀ የሙዚቃ መሳሪያ ከዛ ቁጥጥር ወጥቷል። ያልወጣው የብራዚል ሮዝዉድ ነው፣ እሱ ከ1992 ጀምሮ ጥብቁ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ስለዚህ በጣም አሮጌ የሆነ ላይ «የብራዚል» የሚል ካያችሁ መጀመሪያ ወረቀት ጠይቁ። ከድምፅ ጉድጓዱ ስር የሚለጠፈው ነብርማ ነገር እውነተኛ የኤሊ ቅርፊት ከሆነም እንደዛው፣ በድሮዎቹ የጣሊያን ስራዎች ላይ አለ። የኔ ፕላስቲክ ነው፣ ተመስገን።

የመቃኛ ቁልፎቹ አንዱ ይዘላል፣ ለመቀየር አስቤ ነበር፣ ግን በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ከዘመናዊዎቹ ጋር አልገጠመም፣ ዘይት ጠብ አድርጌ ትቼዋለሁ። ቦርሳው ይሸታል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

አሁን የቀረው ሽብልቁ ነው። መሳሪያ ጠጋኝ ጋ ወስጄው አገላብጦ አየና አንገቱን ነቅሎ እንደገና መግጠም ለዚህ አይነት አያዋጣም አለኝ፣ መጋጠሚያው ከጀርባው ስንጥሮች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስራው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ከማንዶሊኑ ይበልጣል። የሱ ሃሳብ የጣት ሰሌዳውን በሙቀት አላቅቆ ከስሩ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ማስገባት ነው፣ ወደ ገላው በኩል ወፈር፣ ወደ ጭንቅላቱ ሄዶ ባዶ የሚሆን፣ እንደዛ ሲሆን አንገቱ እንደተነሳ ቆይቶ ፍሬቶቹ ያሉበት ሰሌዳ ብቻ ትክክለኛውን አቅጣጫ ይይዛል። ጥሩ ሃሳብ ነው፣ አምኜበታለሁ። ግን ፍሬቶቹ እንደገና መስተካከል አለባቸው፣ እኔ የሞረድኩት ብሪጅም ከፍ ባለ ካልተቀየረ የሽብልቁ ጥቅም ግማሽ ነው ይላል፣ ሲደመር ሌላ ማንዶሊን ይገዛል።

ሌላ ማንዶሊን ደግሞ አልፈልግም። የምጫወተው አብዛኛው ነገር ከ7ኛው ፍሬት በታች ያልቃል፣ እዛ ድረስ አሁን ጥሩ ነው፣ ከ12ኛው በላይ ምን ስራ አለኝ? ደግሞ አንዳንድ ቀን እዛ ላይ የምትወጣ ዜማ ትመጣና ጣቴ ክሩን ሲጫነው ከፍ ብሎ ይከርብኛል፣ ያን ቀን ወደ ጠጋኙ ልደውል ስልኬን አነሳለሁ። በማግስቱ ትሬሞሎውን ስሰማ እተወዋለሁ። ቀጭኑን ክር ግን ሌላ ፓኬት ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ እንደ ሌላው ክር በቀላሉ ስለማይገኝ።