ጀርመኒየም ፈዝ ቤት ውስጥ ለመሥራት የትኛውን ትራንዚስተር እንግዛ?

ፈዝ የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ አሻክሮ የሚያጮህ የእግር ፔዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ላይ የወጣው ፈዝ ፌስ የሚባለው ፔዳል ውስጡ ሲከፈት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተር፣ ሁለት ማዞሪያ፤ በቃ። ክፍሎቹ እንዲህ ጥቂት ስለሆኑ ድምፁን በአብዛኛው የሚወስኑት ሁለቱ ትራንዚስተሮች ናቸው። ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉት። የቀረው ተራ ዕቃ ቢሆን አይጎዳችሁም።

ተለክቶ የተጣመረ ወይስ ያልተለካ?

ትልቁ ምርጫ ይሄ ነው። ጀርመኒየም ከሚባለው ንጥረ ነገር የተሠራ ትራንዚስተር ጠባዩ ወጥ አይደለም። አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈባቸው፣ አብረው የታሸጉ ሁለት ፍሬዎች እንኳ ይለያያሉ። የአንዱ ጌይን (ከረንት የሚያጎላበት መጠን) 60 ሆኖ የሌላው 140 ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሊኬጅ አለ፤ ቤዙ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ምንም ሳይሰጠው ትራንዚስተሩ በራሱ የሚያሾልከው ከረንት ማለት ነው። ሊኬጁ የበዛ ፍሬ ያንሾካሹካል፣ ሙቀት በጨመረ ቁጥርም ድምፁ ይበላሻል።

ለፈዝ ፌስ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ጌይን ከ70 እስከ 90፣ የሁለተኛው ከ110 እስከ 130 ቢሆን ጥሩ ነው። ሊኬጁ ከ200 ማይክሮአምፒር በታች ከሆነ ዓይኔን ሳላሽ እወስደዋለሁ። ከ500 ካለፈ ግን ለዚህ ሥራ አልፈልገውም።

አንድ ፔዳል ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ተለክቶ የተጣመረ ጥንድ ግዙ። ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል። ሦስት አራት ለመሥራት ካሰባችሁ ግን ያልተለካ አሥርና ሃያ ፍሬ ገዝታችሁ ራሳችሁ ለኩ።

ስትለኩ የመልቲሜትሩን የትራንዚስተር ቀዳዳ አትመኑ፤ ሊኬጁን ጌይን አድርጎ ይቆጥርላችኋል። ይልቅ 9 ቮልት ባትሪ፣ ኮሌክተሩ (የሚጎላው ከረንት የሚያልፍበት እግር) ላይ 2.4 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር፣ ለቤዙ ደግሞ 2.2 ሜጋ ኦም አዘጋጁ። መጀመሪያ ቤዙን ሳታገናኙ በኮሌክተሩ ሬዚስተር ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ። 0.35 አላችሁ እንበል። ቤዙን ስታገናኙ 1.15 ሆነ። ልዩነቱ 0.80 ነው፤ በ100 ሲባዛ እውነተኛው ጌይን 80 ገደማ ይመጣል። የመልቲሜትሩ ቀዳዳ ግን 115 ሊላችሁ ይችል ነበር።

ስትለኩ አትቸኩሉ። ትራንዚስተሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ ሰክታችሁት ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል። የጣት ሙቀት ነው። እኔ ከሰካሁት በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ እጄን ሰብስቤ እጠብቃለሁ።

ስሙስ ለውጥ አለው?

ኤንኬቲ 275 የቀደምቶቹ ፔዳሎች ትራንዚስተር ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ አስመስሎ የሚሸጠውም አልጠፋም። ኤሲ 128 በዚያው ዘመን እዚያው ፔዳል ውስጥ የገባ ነው፣ የሚገኘውም በቀላሉ ነው። ልኩ የተስተካከለ ኤሲ 128 ልኩ ካልታወቀ ኤንኬቲ 275 ይበልጥብኛል።

ፒኤንፒ ወይስ ኤንፒኤን?

ሁለቱ ስሞች ከረንቱ በትራንዚስተሩ ውስጥ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይለያሉ። የጥንቱ ፒኤንፒ ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ግራውንድ ይገባል። ስለዚህ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ የኃይል ሽቦ ካያያዛችሁት ሾርት ያደርጋል። በራሱ ባትሪ ወይም ለብቻው በተለየ መስመር መሥራት አለበት። ባትሪው ቶሎ ያልቃል ብላችሁ አትስጉ፤ የሚስበው 1 ሚሊአምፒር እንኳ አይሞላም። ባትሪ መቀየር የሚሰለቻችሁ ከሆነ እንደ ኤሲ 127 ወይም እንደ ሶቭየቱ ኤምፒ 38 ያለ ኤንፒኤን ጀርመኒየም ይሻላችኋል፤ እሱ ከሌሎቹ ፔዳሎች ጋር በአንድ የኃይል ሽቦ ይሠራል። ሊኬጁ ያነሰውን ለማግኘት ግን ብዙ ፍሬ ማገላበጥ ይጠይቃል።

ሲሊከንስ?

እንደ ቢሲ 108 ያለው የሲሊከን ትራንዚስተር ርካሽ ነው፣ ሙቀት አይበግረውም፣ ጌይኑም ብዙ መቶ ይደርሳል። ድምፁ ግን ይሰላል፣ ይበሳል። የጀርመኒየም ውበት የጊታሩን ቮልዩም ትንሽ ዝቅ ስታደርጉ ይታያል፤ ያ ሁሉ ጩኸት ወደ ጠራ፣ ወደሚያብረቀርቅ ድምፅ ይለወጣል። እኔ ለዚህች ነገር ስል ነው የሙቀቱን ጣጣ የምችለው። ፀሐይ ላይ መድረክ የምትወጡ ከሆነ ግን ሲሊከኑን ያዙ።

ሙሉ ኪት ከገዛችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የትራንዚስተር ሶኬት ይኑረው፤ የብየዳ ሙቀት ጀርመኒየምን ይጎዳዋል። ሁለተኛ፣ በ8.2 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ቦታ ትሪመር (በመፍቻ እየዞረ የሚስተካከል ትንሽ ሬዚስተር) ይኑረው። በእሷ የሁለተኛውን ትራንዚስተር ኮሌክተር ወደ 4.5 ቮልት ገደማ ታመጡታላችሁ። ይህንንም ፔዳሉን በምትጫወቱበት ክፍል ሙቀት አድርጉት፤ ከዚያ በጆሯችሁ ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አስተካክሉ።