ለኮምቦልቻና ለደሴ የፕላስቲክ አምራቾች፦ የትኛው ሮቦት ለየትኛው ኢንጀክሽን ማሽን?

በኮምቦልቻ ወይም በደሴ ኢንጀክሽን ማሽን፣ ማለትም ፕላስቲክ አቅልጦ በግፊት ወደ ሞልድ (የብረት ቅርጽ ማውጫ) የሚያስገባ ማሽን፣ ለመግዛት የሚደራደር አምራች ሁሉ «ሮቦት ይጨመርበት ወይስ ይቅር?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ሮቦት በሚል አንድ ስም የሚሸጡት መሣሪያዎች ግን በዋጋም፣ በሚሠሩት ሥራም፣ በሚፈልጉት ጥገናም በጣም ስለሚለያዩ፣ ጥያቄው በዚህ መልኩ ሲቀርብ ትክክለኛ መልስ ሊያገኝ አይችልም። ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር ክዳን፣ የልብስ ማንጠልጠያ፣ ባልዲ፣ ወንበርና የጠርሙስ ሣጥን የመሳሰሉትን ለሚያመርቱ ነው። ጀሪካንና የውኃ ጠርሙስ በአየር ተነፍተው በሌላ ዓይነት ማሽን ስለሚሠሩ እዚህ አልተካተቱም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሮቦት የሚያሳጥረውንና የማያሳጥረውን ጊዜ መለየት ያስፈልጋል። ቀልጦ ወደ ሞልዱ የገባው ፕላስቲክ እስኪቀዘቅዝ የሚወስደው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ዑደት (ሞልዱ ተዘግቶ ተከፍቶ እንደገና እስኪዘጋ ያለውን ጊዜ) ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ይህን የትኛውም ሮቦት አይቀንሰውም። የሞልዱ የውኃ መስመር በደለል የተዘጋበት ወይም የማቀዝቀዣ ውኃው የሞቀበት ፋብሪካ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ ቢያውል ይሻለዋል። ሮቦት የሚያሳጥረው ሞልዱ ተከፍቶ ምርቱ እስኪወጣ የሚጠፋውን ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል ኦፕሬተር በር ከፍቶ በእጁ ሲያወጣ በአማካይ 45 ሰከንድ የሚፈጀው ዑደት በሮቦት 38 ሰከንድ ቢሆን፣ በ8 ሰዓት ፈረቃ በአንድ ዑደት አንድ ምርት ብቻ ከሚሰጥ ባለአንድ ቀዳዳ ሞልድ የሚገኘው ምርት ከ640 ወደ 757 ገደማ ከፍ ይላል።

ሻጮች ሮቦቱ ዋጋውን የሚመልሰው በሚቀንሰው ደመወዝ እንደሆነ አድርገው ያቀርባሉ። ይህ ስሌት የተሠራው የሠራተኛ ክፍያ ከፍተኛ ለሆነባቸው አገሮች ስለሆነ በእኛ ከተሞች አይሠራም፤ በደመወዝ ብቻ የሚያሰላ ገዢ ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፣ ወይ ተታልሎ ይገዛል። እዚህ ሮቦት የሚያዋጣው ዑደቱን እኩል በማድረጉ ነው። ኦፕሬተሩ አንድ ጊዜ በ40፣ ሌላ ጊዜ በ60 ሰከንድ በሩን ሲዘጋ፣ በማሽኑ በርሜል ውስጥ ያለው ፕላስቲክ የሚቆይበት የሙቀት ጊዜ ይለዋወጣል፤ በዚህም ምክንያት የምርቱ ክብደት፣ መጠንና ቀለም ይዋዥቃል፣ ወደ ክሬሸር (መፍጫ ማሽን) የሚመለሰው ብልሽትም ይበዛል። ሌላው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም፣ የሰው እጅ በሁለቱ የሞልድ ሰሌዳዎች መካከል መግባቱ መቅረቱ ነው። ሥራ ለማፋጠን ሲባል የበሩ የደህንነት ማብሪያ ታልፎ በሚሠራበት ማሽን ላይ ሠራተኛ ማቆም ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም።

ትልቅ ሮቦት ሳይገዛ የሚገኝ አውቶማቲክ ሥራ

በጣም ርካሹ አማራጭ ምርቱ በማስወጫ ፒኖች ተገፍቶ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወድቅ ማድረግ ነው። ክዳን፣ ቁልፍና ትናንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ቢወድቁ ስለማይጎዱ ለእነዚህ ሮቦት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው በደንብ የተሠራ ሞልድና ከማሽኑ ሥር የሚቀመጥ ማጓጓዣ ቀበቶ ነው። ችግሩ ስፕሩና ራነሩ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ወደ ምርቱ የሚገባበት ግንድና ቅርንጫፍ፣ ከምርቱ ጋር ተደባልቆ ሲወድቅና ሰው ቁጭ ብሎ ሲለቅመው ነው። ይህን ስፕሩ ፒከር የሚባለው በአየር ግፊት የሚሠራ ትንሽ ክንድ ይፈታዋል፤ ግንዱን ቆንጥጦ ያወጣና በቀጥታ ክሬሸር ውስጥ ይጥለዋል። ከሮቦቶች ሁሉ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ጥገናውም ለማንኛውም የአየር መስመር ለሚያውቅ ቴክኒሺያን ቀላል ነው። በሆት ራነር፣ ማለትም ፕላስቲኩን በማሞቂያ ቀልጦ በሚያቆይ ራነር፣ የሚሠራ ሞልድ ግንድ ስለሌለው ወይም በጣም ስለሚያንስ ይህም ላያስፈልገው ይችላል፤ ነገር ግን የሆት ራነር ሞልድ ዋጋና የማሞቂያዎቹ መለዋወጫ በራሱ ሌላ ወጪ ነው።

ባለሦስት አቅጣጫው የላይኛው ሮቦት

ከማሽኑ በላይ በተዘረጋ ብረት ላይ የሚንሸራተተው፣ ከላይ ወደ ሞልዱ ወርዶ ምርቱን በመምጠጫ ጎማ ወይም በመቆንጠጫ ይዞ ወደ ጎን የሚያስቀምጠው ሮቦት ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። ለባልዲ፣ ለወንበር፣ ለጠርሙስ ሣጥንና መቧጨር ለሌለበት ግልጽ ምርት ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላሉ የልብስ ፋብሪካዎች ማንጠልጠያ ለማቅረብ የሚያስብ አምራችም ሊያየው ይገባል፤ ማንጠልጠያ ትኩስ እያለ ተከምሮ ሲወድቅ መንጠቆው እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ይጣመማልም። ሦስቱም አቅጣጫዎች በሰርቮ ሞተር (ቦታውንና ፍጥነቱን በትክክል በሚቆጣጠር ሞተር) የሚንቀሳቀሱበት ሞዴል ዋጋው ከአየር ግፊቱ ሞዴል ይወደዳል፤ ሆኖም የማስቀመጫ ቦታውን በትክክል ስለሚቆጣጠርና ሞልድ ሲቀየር በቁልፍ ማዘዣ ብቻ ስለሚስተካከል ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው።

ከመግዛት በፊት ግን ሁለት ነገር መለካት አለበት። አንደኛው የጣሪያው ከፍታ ነው፤ ክንዱ ወደ ላይ ሲሰበሰብ ከማሽኑ በላይ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ፣ በደሴ ከተማ ውስጥ ዝቅተኛ ጣሪያ ባለው መጋዘን የተተከለ ማሽን ላይ ላይገባ ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ከጎን የሚገባ ሮቦት መፈለግ ይሻላል። ሁለተኛው የባሕር ወለል ከፍታ ሲሆን፣ ሻጮች ይህን ሲያነሡ አይሰማም። የመምጠጫ ጎማ ዕቃ የሚይዘው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በደሴ በሩብ፣ በኮምቦልቻ በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ከአካባቢው አየር 80 በመቶውን መምጠጥ ቢችል፣ በባሕር ዳርቻ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ለመያዝ የሚበቃ ኃይል ሲኖረው፣ በኮምቦልቻ ወደ 8.3፣ በደሴ ወደ 7.7 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ሮቦቱ በፍጥነት ሲወረወር ተጨማሪ ኃይል ስለሚፈለግ ይህ ልዩነት ትኩሱን ባልዲ መንገድ ላይ ሊያስጥል ይችላል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የጎማውን ቁጥር ወይም ስፋት መጨመር ነው፣ ግን የሮቦቱ አምራች ከፍታውን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ኮምፕሬሰሩም በቀጭን አየር ስለሚሠራ፣ በመግለጫው ከተጻፈው ያነሰ አየር እንደሚሰጥ ታስቦ ከፍ ያለ አቅም ያለው መመረጥ አለበት። ሞተሮችና የሰርቮ መቆጣጠሪያዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ታስበው ስለሚሠሩ፣ ከዚያ በላይ አቅማቸው ምን ያህል እንደሚቀንስ ከአምራቹ ሰንጠረዥ ማየት ያሻል።

ባለስድስት መገጣጠሚያው ክንድና ኮቦቱ

በመኪና ፋብሪካዎች የሚታወቀው ባለስድስት መገጣጠሚያ ሮቦት ምርቱን ማውጣት ብቻ ሳይሆን ማዞር፣ ጠርዙን መቁረጥ፣ ብረት በሞልድ ውስጥ ማስቀመጥና መደርደር ይችላል። የአንድን ባልዲ ኢንጀክሽን ማሽን ለማገልገል ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ዋጋው፣ የአጥር ቦታውና የፕሮግራም ባለሙያው ወጪ ለአብዛኛው የአካባቢያችን አምራች አይመጥንም። ብረት የታቀፈ ዕቃ፣ ለምሳሌ የክር ናስ ያለበትን የቧንቧ ማገናኛ፣ በብዛት የሚሠራ ካለ ለእርሱ ብቻ ሊያዋጣ ይችላል።

ኮቦት የሚባለው ከሰው ጎን የሚሠራ ክንድ ብዙ ገዢዎችን ይስባል፤ አጥር አያሻውም፣ እጁን ይዞ በማንቀሳቀስ ማስተማር ይቻላል ስለሚባል። ሁለት ማሳሰቢያ ግን አለ። አንዱ አቅሙ ነው፤ ዩኒቨርሳል ሮቦትስ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ የሸጠው ዩአር5ኢ የሚባል ሞዴል 5 ኪሎ ግራም ያነሣል፣ 850 ሚሊ ሜትርም ይደርሳል፤ ከ5 ኪሎው ላይ የመያዣው ክብደት እንደሚቀነስ መዘንጋት አይገባም። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይኤስኦ ቲኤስ 15066 የተባለው ሰነድ ክንዱ ሰው ቢነካ ሊያሳርፍ የሚችለውን ኃይል ስለሚገድብ፣ ያለ አጥር ሲሠራ በዝግታ መሄድ አለበት። ሞልዱ ተከፍቶ የሚቆይበት እያንዳንዱ ሰከንድ ኪሳራ በሆነበት ቦታ ዝግተኛ ክንድ ማስገባት የሮቦትን ዋና ጥቅም ያጠፋል። ስለዚህ ኮቦትን ከሞልዱ ውስጥ ለማውጣት ሳይሆን ከማሽኑ በኋላ ላለው ሥራ፣ ማለትም ለመቁጠር፣ ለመደርደርና ካርቶን ለመሙላት፣ በተለይም ምርቱ በየሳምንቱ ለሚቀያየርበት ፋብሪካ መምረጥ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መጠየቅ ያለበት ከባድ ጥያቄ፣ ክንዱ በሞልዱ ውስጥ እያለ ኃይል ቢቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የአየር ግፊት ሮቦት ቫልቩ በምን ሁኔታ እንደሚቆም፣ የሰርቮ ሮቦት ደግሞ ቁመታዊው ክንድ ፍሬን እንዳለውና ሞተሩ ቦታውን ሳይረሳ እንደሚነሣ መረጋገጥ አለበት። ፍሬን የሌለው ክንድ በራሱ ክብደት ወደ ውድ ሞልድ ላይ ሊወርድ ይችላል። ለመቆጣጠሪያው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ)፣ ለመስመሩ ስታቢላይዘር ማሰብ የሮቦቱ ዋጋ አካል ሆኖ መቆጠር አለበት። ማሽኑና ሮቦቱ የሚነጋገሩበት ማገናኛም ዩሮማፕ 67 የተባለውን መስፈርት ቢከተል ይመረጣል፤ ከአሮጌው ዩሮማፕ 12 በተለየ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን በሁለት መስመር ያስተላልፋል፣ ሮቦቱንም በኋላ ከሌላ ኩባንያ ማሽን ጋር ለማገናኘት ያስችላል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ይህ ሶኬት መኖሩን በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ አለበት።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ ሮቦቱ ዛሬ በተገዛበት ዋጋ መለዋወጫው ነገ አይገኝም። ስለዚህ የመምጠጫ ጎማ፣ የአየር ቫልቭ፣ ሴንሰር፣ የሰርቮ ገመድና አንድ ተጨማሪ የእጅ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከዋናው ዕቃ ጋር በአንድ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ተካተው በጅቡቲ እንዲገቡ መጠየቅ ይገባል። የፕሮግራሙ ቅጂና የመቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል ለገዢው መሰጠቱ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ይህ ካልሆነ ሞልድ በተቀየረ ቁጥር ባለሙያ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ መጥራት ይመጣል። ሥልጠናውም ለባለቤቱ ሳይሆን በየፈረቃው ለሚቆሙት ቢያንስ ለሁለት ኦፕሬተሮችና ለአንድ የኤሌክትሪክ ቴክኒሺያን፣ በራሱ በገዢው ማሽንና ሞልድ ላይ እንዲሰጥ፣ የመጨረሻው ክፍያም እነዚህ ሠራተኞች ያለ ሻጩ እርዳታ አንድ ሞልድ ቀይረው ምርት ካወጡ በኋላ እንዲፈጸም መስማማት ያስፈልጋል።