አማርኛ የሚሰማ መሣሪያ ሲመረጥ፦ ዊስፐር፣ ኤምኤምኤስ ወይስ ጉግል?

ሞጣ ላይ የተቀዳ የማኅበር ስብሰባ ወይም ከዳንግላ የመጣ ቃለ ምልልስ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ መሣሪያ ስትመርጡ የመሣሪያውን ዝና ተዉት። በእጃችሁ ያለው፣ ሰው አዳምጦ የጻፈው ድምፅ ስንት ሰዓት ነው? ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ምንም ከሌላችሁ የጉግል አገልግሎት ይበጃል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ይሰማል፤ ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚሠራ የኮምፒውተር ካርድ) መግዛትም አያስፈልግም። ብር ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ የጉግል ኪቦርድ ላይ ማይክራፎኑን ነክታችሁ ግብጦ፣ ዳጉሳ፣ ቢቸና እያላችሁ ፈትሹት። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ አዊኛ ጭራሽ የለበትም።

ዊስፐር (ኦፕንኤአይ፣ 2022 እ.ኤ.አ.) ነፃ ነው፤ ለንግድም ይፈቀዳል። ከሠለጠነበት 680,000 ሰዓት ድምፅ ውስጥ ግን የአማርኛው ድርሻ ኢምንት ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ባወጡት መለኪያ የአማርኛ የቃል ስህተቱ (በትክክለኛው ጽሑፍ ካሉት ቃላት አንጻር የተሳሳተው፣ የቀረውና የተጨመረው ቃል ብዛት) ከ100 በመቶ ያልፋል። ከመቶ በላይ እንዴት ይሆናል? ያልተባለ ቃል ከራሱ ሲጨምር ነዋ። ዝምታ ሲያገኝም ማንም ያልተናገረውን ዐረፍተ ነገር ይፈጥራል። በራሳችሁ ድምፅ ካሠለጠናችሁት ብዙ ይሻሻላል፤ ያኔም ወጥመድ አለበት። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት (የማስቀመጫ አሃድ) ይይዛል፤ ዊስፐር ጽሑፍን በባይት ስለሚቆራርጥ አንዱ ፊደል እስከ 3 ቶክን (መሣሪያው አንድ በአንድ የሚጽፈው ቁራጭ) ይበላል። በአንድ ጊዜ የሚጽፈው ደግሞ ቢበዛ 448 ቶክን ነው። ሳያቋርጥ የሚናገር ሰው 30 ሰከንድ ሙሉ ካወራ ጣሪያው ይሞላና የንግግሩ ጅራት ይቀራል። ድምፁን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ኤምኤምኤስ (ሜታ፣ 2023 እ.ኤ.አ.) ከ1,100 በላይ ቋንቋ ይጽፋል፤ አማርኛም አለበት። የሰማውን ፊደል በፊደል ስለሚጽፍ ድርሰት አይጨምርም፤ የሚሳሳተው በፊደል ግድፈት ነው። ግድፈት በዓይን ይታያል፤ አምሮ የተጻፈ ውሸት ግን አይታይም። በዚህ ምክንያት ለቃለ ጉባኤና ለቃል ታሪክ እኛ እሱን እናስቀድማለን። በአብዛኛው የተማረው ከሐዲስ ኪዳን ንባብ ስለሆነ የገበያ ጫጫታ ያደናግረዋል። አዲስ ነገር ስታስተምሩት አዳፕተር የምትባለው ትንሽ ክፍል ብቻ ትሠለጥናለች፤ ፋይሏ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። ፈቃዱ ግን ለንግድ አይሆንም። ሥራችሁን የምትሸጡት ከሆነ ከዚያው ከሜታ የወጣው ደብሊው2ቪ-በርት 2.0 የሚባለው ሞዴል (የሠለጠነ ፕሮግራም) ፈቃዱ ልቅ ነው፤ ነገር ግን ፊደል ሳያውቅ ስለሚመጣ የጻፋችሁት ድምፅ በርከት ማለት አለበት።

ለአዊኛም የምንመክረው ይኸንኑ ደብሊው2ቪ-በርትን ነው። አዊኛ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለው፤ ሞዴሉ ሊጽፋቸው የሚችላቸውን ፊደላት ዝርዝር ከአማርኛ ከገለበጣችሁት ሞዴሉ ያንን ድምፅ መቼም አይጽፈውም። ዝርዝሩን ከአዊኛ የትምህርት ቤት መጻሕፍት አውጡ።

የትኛውንም ብትመርጡ የድምፁ የናሙና መጠን 16 ኪሎኸርዝ፣ በአንድ ቻናል (ሞኖ) ይሁን። ከማሠልጠናችሁ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ አምጡ፤ አለዚያ «ሠላም» እና «ሰላም» እንደ ስህተት ይቆጠራሉ። ቁጥርን በቃል ጻፉ፤ «25» ሳይሆን «ሃያ አምስት»። አማርኛ በአንድ ቃል ብዙ ስለሚያሥር ከቃል ስህተት ይልቅ የፊደል ስህተትን ለኩ። መፈተኛ ድምፅ የሰጡ ሰዎች በማሠልጠኛው ውስጥ አይኑሩ፤ ሻጭ «95 በመቶ ትክክል» ሲላችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠይቁት።

ዕቃውን በተመለከተ 16 ጊጋባይት ጂፒዩ ለጀማሪ ይበቃል። መብራት ስለሚሄድ በየ500 የሥልጠና እርምጃው ሞዴሉን አስቀምጡ፤ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ይኑራችሁ። የቀረው ገንዘብ ለጸሐፊዎች ይሁን፦ የአንድ ሰዓት ንግግር በጥንቃቄ መጻፍ ለለመደ ሰው እንኳ የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል።